በመርፌ ሳይሆን ከገዛ አካሏ፦ የእንቁላል ጣይ ዶሮን ጉበት በስብ የሚሞላው ሆርሞን

ደህና ስትበላና ስትጥል የሰነበተች፣ አንዳች የሕመም ምልክት ያላሳየች ዶሮ በድንገት ሞታ ትገኛለች። ሆዷ ሲከፈት የረጋ ደም ይታያል፤ ጉበቷ አብጧል፣ ቢጫ ሆኗል፣ በጣት ሲነካም ይፈራርሳል።

የእንስሳት ሐኪሞች ይህን ሕመም ደም መፍሰስ የሚያስከትል የጉበት ስብ በሽታ ይሉታል። ከሌሎች የዶሮ በሽታዎች የሚለየው ደካማዋን ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ ወፈር ያለችውንና በደንብ የምትጥለዋን ዶሮ መግደሉ ነው። ተላላፊ አይደለም። ክትባትም የለውም።

ከበሽታው በስተጀርባ ሆርሞን አለ። ይህ ሲባል ግን ብዙ ሰው የሚጠረጥረው፣ በመርፌ የሚወጋ ወይም ከመኖ ጋር የሚደባለቅ ሆርሞን ማለት አይደለም። ዶሮዋ ራሷ የምታመነጨው፣ ያለ እርሱም አንዲት እንቁላል እንኳ መጣል የማትችለው ኢስትሮጅን ነው።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። "የፈረንጅ ዶሮ በሆርሞን ያደገ ነው" በሚል ሥጋት ገበያ ላይ ለሚያመነታ ሸማችም ሆነ የሞቱ ዶሮዎቹን እየቆጠረ ምክንያቱን ለሚፈልግ አርቢ፣ ሆርሞኑ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ መፍትሔው የት እንዳለ ይጠቁማል።

ጉዳዩን ከሥሩ ለመረዳት ስዊዘርላንድ ጥሩ መነሻ ናት። የጾታ ሆርሞኖች በቤተ ሙከራ ከተሠሩባቸው ቦታዎች አንዱ ዙሪክ ነው። በእንስሳት ሆርሞን ሳቢያ ኃያላን የተሟገቱት ጄኔቫ ላይ ነው። ዶሮን በጠባብ የሽቦ ጎጆ ወይም በተለምዶ 'ኬጅ' በሚባለው ውስጥ ማርባትን በሕግ በማስቀረትም አገሪቱ ከዓለም ቀዳሚ ሆናለች።

ጉበት እንደ ስብ ፋብሪካ

እንደ ከብትና አሳማ ባሉ እንስሳት አዲስ ስብ በዋናነት የሚሠራው ስብ በሚከማችበት ኅብረ ሕዋስ ውስጥ ነው። በአእዋፍ ግን ሥራው የጉበት ነው። ዶሮዋ የበላችው የበቆሎና የስንዴ ስታርች ወደ ስኳርነት ተለውጦ ጉበት ይደርሳል፤ ጉበትም ትርፉን ወደ ስብ ይቀይረዋል። በሆድ ዕቃ ውስጥና ከቆዳ ሥር የሚታየው ስብ በአብዛኛው እዚያው የተሠራ ሳይሆን ከጉበት ወይም ከመኖ መጥቶ የተከማቸ ነው።

ስብ በውኃ ስለማይሟሟ በደም ውስጥ ብቻውን አይጓዝም። ጉበት በፕሮቲን ሸፍኖ፣ በጥቃቅን ተሸካሚ ቅንጣቶች ጠቅልሎ ይልከዋል። ስለዚህ በጉበት ውስጥ የሚኖረው የስብ መጠን የሚወሰነው በሁለት ነገሮች መካከል ባለው ሚዛን ነው፦ ምን ያህል ስብ ተሠራ? ምን ያህሉስ ወጣ?

መጣል ባልጀመረች ቄብ ሁለቱም ዝቅተኛ ናቸው። መጣል ልትጀምር ስትቃረብ ግን የእንቁላል ማኅደሯ እየፋፋ ኢስትሮጅን ማመንጨት ይጀምራል። ሆርሞኑ በደም ተጉዞ ጉበት ሲደርስ በሕዋሳቱ ውስጥ ካሉ ተቀባይ ፕሮቲኖች ጋር ይጣበቅና እስከዚያ ድረስ ዝም ብለው የቆዩ ዘረ መሎችን ያነቃል።

በዚህ ጊዜ ሦስት ለውጦች ይከተላሉ። አንደኛ፣ ስብ የሚሠሩ ኢንዛይሞች ይበዛሉ። ሁለተኛ፣ ጉበት ቪቴሎጄኒን የተባለውን የአስኳል ፕሮቲን በብዛት ማምረት ይጀምራል። ሦስተኛ፣ ስብ የሚሸከሙት ቅንጣቶች ዓይነታቸው ይቀየራል።

ሦስተኛው ለውጥ በተለይ የሚያስደንቅ ነው። እንደ ወትሮው ቢሆን ተሸካሚ ቅንጣቶች በደም ሲዘዋወሩ ጡንቻና ሌሎች አካላት ስባቸውን እየቀነሱ ይወስዳሉ። የምትጥል ዶሮ ጉበት የሚልካቸው ቅንጣቶች ግን አነስ ያሉና ስባቸውን በመንገድ የማያስቀንሱ ናቸው። ተልከው የሚሄዱት ለአስኳሉ ነው፤ ሳይጎድሉም ይደርሳሉ። ከዚህ የተነሳ የምትጥል ዶሮ የደም ፈሳሽ ወተት መሰል ጉርድርድ መልክ ሊኖረው ይችላል።

ለበዓል የምትጥል ዶሮ የበለተ ሰው በሆዷ ውስጥ ከትልቅ እስከ ትንሽ ተደርድረው የሚገኙትን ቢጫ ፍሬዎች ያውቃቸዋል። እያንዳንዱ ፍሬ ተራውን የሚጠብቅ አስኳል ሲሆን፣ ከጉበት የሚላከውን ስብና ፕሮቲን እየተቀበለ በመጨረሻዎቹ ከሰባት እስከ አሥራ አንድ በሚሆኑ ቀናት ውስጥ በፍጥነት ያድጋል።

የሥራውን ክብደት በስሌት ማየት ይቻላል። መካከለኛ መጠን ያለው እንቁላል ውስጥ 5 ግራም ያህል ስብ አለ። በዓመት 300 እንቁላል የምትጥል ዶሮ በእንቁላል ብቻ 1.5 ኪሎ ግራም ስብ ታስወጣለች ማለት ነው። ይህም ከራሷ ክብደት ጋር የሚቀራረብ ነው። በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል የምትጥለው የኢትዮጵያ የአገር ውስጥ ዶሮ ጉበት የሚጠበቅበት የዚህን አንድ አምስተኛ ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ነው።

ሁሉንም የሚያዘው ሆርሞኑ መሆኑን ለማረጋገጥ ተመራማሪዎች ወደ አውራ ዶሮ ዞረዋል። አውራው ዶሮም እነዚሁ ዘረ መሎች አሉት፤ ተኝተው ይኖራሉ እንጂ። ኢስትሮጅን ሲሰጠው ጉበቱ የአስኳል ፕሮቲንና ስብ ማምረት ይጀምራል። የሚያስቀምጥበት የእንቁላል ማኅደር ግን የለውም።

ዙሪክ፦ ሆርሞን በኬሚስቶች እጅ

ዶሮ ለሆርሞን ሳይንስ ባለውለታ ናት። እ.አ.አ. በ1849 የጀርመኑ ሐኪም አርኖልድ በርትሆልድ በጎቲንገን የወጣት አውራ ዶሮዎችን ቆለጥ አወጣ። የዶሮዎቹ ቀይ የራስ ላይ ሥጋ ጠወለገ፤ መጮኽና መዋጋትም ተዉ። ቆለጡን መልሶ በሆዳቸው ውስጥ ሲያስቀምጥላቸው ግን እንደ ቀድሞው ሆኑ። አንድ አካል በደም አማካይነት ሌላውን እንደሚያዝ ያመለከተው ይህ ሙከራ የሆርሞን ጥናት መነሻ ተደርጎ ይወሰዳል።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አጋማሽ የተኮላሸ አውራ ዶሮ የመለኪያ መሣሪያ እስከመሆን ደረሰ። አንድ ንጥረ ነገር የወንድ ሆርሞን መሆኑና ጉልበቱ የሚታወቀው የተኮላሸውን ዶሮ የራስ ላይ ሥጋ ምን ያህል እንዳሳደገ በመለካት ነበር።

በክሮኤሺያዋ ቩኮቫር የተወለደው ኬሚስት ሌኦፖልድ ሩዚችካ የሠራው በዚህ ዘመን ነው። በዙሪክ የፌዴራል የቴክኖሎጂ ተቋም ፕሮፌሰር ሳለ በ1934 አንድሮስቴሮን የተባለውን የወንድ ሆርሞን በቤተ ሙከራ ሠራ። በ1935 ደግሞ እርሱና ጀርመናዊው አዶልፍ ቡተናንት፣ እያንዳንዳቸው በየፊናቸው፣ ቴስቶስትሮንን ከኮሌስትሮል በመነሳት ለመሥራት በቁ። የ1939ኙን የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ሁለቱ ተጋርተዋል። ቡተናንት ከዚያ ቀደም ብሎ በ1929 ከኢስትሮጅን ቤተሰብ አንዱን፣ ኢስትሮንን፣ ለይቶ አውጥቶ ነበር።

የእነዚህ ሥራዎች ትርጉም ከሕክምናም ያለፈ ነበር። ሆርሞን ከእንስሳት አካል በጥቂት በጥቂቱ የሚጨመቅ ብርቅ ነገር መሆኑ ቀርቶ በፋብሪካ ሊመረት እንደሚችል ታየ። በ1938 የእንግሊዙ ቻርልስ ዶድስና ባልደረቦቹ ዳይኢቲልስቲልቤስትሮል የተባለውን፣ እንደ ኢስትሮጅን የሚሠራ ርካሽ ኬሚካል ይፋ አደረጉ።

የዶሮ ሥጋ አምራቾች ለመጠቀም አልዘገዩም። በአሜሪካ ከ1947 ጀምሮ የኬሚካሉ እንክብል በአውራ ዶሮዎች አንገት ቆዳ ሥር እንዲቀበር ተፈቀደ። ውጤቱ የጉበትን ሥራ ለሚያውቅ ሰው አያስገርምም፤ የአውራ ዶሮው ጉበት እንደ ሴቷ ስብ ማምረት ይጀምራል፣ ማስቀመጫ አስኳል ስለሌለው ግን ስቡ በሰውነቱ ይከማቻል። ሥጋው ለስላሳና ቅባታማ ይሆናል። የኬሚካሉ ቅሪት በዶሮዎቹ አካል ውስጥ በመገኘቱ በ1959 አሠራሩ በዶሮ ላይ እንዲቆም ተደረገ።

"ዶሮ በሆርሞን ይረባል" የሚለው ሥጋት እንግዲህ ከባዶ የተነሳ አይደለም። አሠራሩ ግን ከስልሳ ዓመታት በፊት የቀረ ነው።

ጄኔቫ፦ ክርክሩ ስለ ከብት፣ ሥጋቱ ስለ ዶሮ

ሥጋቱ ዳግም የዓለም ርዕስ የሆነው በ1990ዎቹ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በሆርሞን የደለበ የከብት ሥጋ እንዳይገባ በመከልከሉ አሜሪካና ካናዳ መቀመጫውን ጄኔቫ ላደረገው የዓለም ንግድ ድርጅት አቤት አሉ። በክርክሩ የተነሱት ሆርሞኖች ስድስት ሲሆኑ፣ ኢስትራዲዮል የተባለው ዋነኛው ኢስትሮጅንና የሩዚችካ ስም የሚነሳበት ቴስቶስትሮን ይገኙባቸዋል።

የድርጅቱ ይግባኝ ሰሚ አካል በ1998 መጀመሪያ ባወጣው ውሳኔ፣ ኅብረቱ የመረጠውን የጤና ጥበቃ ደረጃ የማውጣት መብት እንዳለው ተቀብሎ፣ ክልከላው ግን በበቂ የአደጋ ግምገማ ላይ አልተመሠረተም አለ። ኅብረቱ ክልከላውን አላነሳም። አሜሪካና ካናዳም በአውሮፓ ሸቀጦች ላይ የአጸፋ ቀረጥ ጣሉ። በ2009 ኅብረቱና አሜሪካ ከሆርሞን ነጻ ለሆነ የከብት ሥጋ ኮታ በመስጠት ላይ የተመሠረተ ስምምነት ላይ ደረሱ።

በዚህ ሁሉ ክርክር ዶሮ አልነበረችም። በከብት ሆርሞን እንዲጠቀሙ በምትፈቅደው አሜሪካ እንኳ ለዶሮ ሆርሞን መስጠት የተከለከለ ነው። ከሕጉም ሌላ ተግባራዊ ምክንያት አለ። የዕድገት ሆርሞን ፕሮቲን በመሆኑ በመኖ ቢሰጥ እንደ ማንኛውም ምግብ በሆድ ውስጥ ይፈጫል፤ በሺህ የሚቆጠሩ ጫጩቶችን በየጊዜው መውጋት ደግሞ ከሚያስገኘው የበለጠ ያስወጣል።

ታዲያ የሥጋ ዶሮ በሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ እንዴት ያን ያህል ያድጋል? በ2014 የታተመ የካናዳው አልበርታ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ለዚህ ግልጽ መልስ ሰጥቷል። ተመራማሪዎቹ የ1957፣ የ1978 እና የ2005 ዝርያዎችን አንድ ዓይነት መኖ እያበሉ ጎን ለጎን አሳደጉ። በ56ኛው ቀን የ1957ቱ ዶሮ 905 ግራም፣ የ1978ቱ 1,808 ግራም፣ የ2005ቱ 4,202 ግራም መዘነ። መኖው አንድ ነበር፤ የተለየው ዘሩ ነው። ፍጥነቱን ያመጣው በየትውልዱ ፈጥኖ የሚያድገውን እየመረጡ ማዳቀል ነው።

በእንቁላል ጣይዋም ላይ የሆነው ተመሳሳይ ነው። በዓመት 300 እንቁላል እንድትጥል ተመርጣ የተዳቀለች ዶሮ ከውጭ ሆርሞን አልተጨመረላትም። ነገር ግን የራሷ ኢስትሮጅን ጉበቷን ዓመቱን ሙሉ ያለ ፋታ እንዲያሠራ ሆና ተመርጣለች።

መቼ ነው በሽታ የሚሆነው?

የምትጥል ዶሮ ጉበት ገርጣ፣ ቢጫም ማለቱ ተፈጥሯዊ ነው። በሽታ የሚሆነው የሚሠራው ስብ ከሚወጣው ሲበልጥና ትርፉ በጉበት ሕዋሳት ውስጥ ሲጠራቀም ነው። በከፋ ደረጃ ስቡ ከጉበቱ ደረቅ ክብደት ከ40 በመቶ ያልፋል። ሕዋሳቱ ይወጠራሉ፣ የደም ሥሮቹን የሚደግፈው ኅብረ ሕዋስ ይዳከማል። በዚህ ጊዜ እንቁላል ለመጣል የሚደረግ ማማጥ ብቻ እንኳ ጉበቱን ሊያፈርጠው ይችላል።

በአሜሪካ ሳይንቲስቶች ሕመሙን በ1950ዎቹ መዝግበውታል። በ1970ዎቹ ደግሞ ፖሊንና ዎልፎርድ የተባሉ ተመራማሪዎች ለዶሮዎች ኢስትሮጅን በመስጠትና ከልክ በላይ በመመገብ በሽታውን በቤተ ሙከራ አስከትለዋል። የሥራቸው ፍሬ ነገር ሆርሞኑ ከትርፍ ጉልበት ጋር ሲገናኝ ጉዳቱ እንደሚበረታ ማሳየቱ ነው።

ኢስትሮጅን ብቻውን አይሠራም። ኢንሱሊን ከመኖ በኋላ ጉበት ስብ እንዲሠራ ያግዛል፤ ግሉካጎን በጾም ሰዓት ሥራውን ያስቆምና የተከማቸው እንዲለቀቅ ያደርጋል። ዶሮ በሙቀት፣ በመጨናነቅ ወይም በድንጋጤ ስትጨነቅ የሚመነጨው ኮርቲኮስቴሮን ደግሞ ስብ በጉበት እንዲጠራቀም ይገፋፋል።

የመውጫው በር የሚጠብበትም ጊዜ አለ። ጉበት ስቡን ጠቅልሎ ለመላክ ኮሊን የተባለ ንጥረ ነገር ያስፈልገዋል። ሜታዮኒን የተባለው የፕሮቲን ክፍልና ቫይታሚን ቢ12ም በዚሁ ሥራ ይሳተፋሉ። በበቆሎ የበለጸገ፣ በእነዚህ ግን የደኸየ መኖ ፋብሪካውን እያሠራ ማጓጓዣውን ይነሳዋል።

በመጨረሻ የሚመጣው እንቅስቃሴ ነው። ክንፏን መዘርጋት፣ መሬት መጫርና ቆጥ ላይ መውጣት የማትችል ዶሮ የበላችውን የምታቃጥልበት መንገድ የላትም። በሽታው በኬጅ ውስጥ በሚኖሩ ዶሮዎች ላይ መበርታቱን ከሚያሳዩ ጥናቶች አንዱ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች በ2019 ያወጡት ነው። ከሞቱ በኋላ ከተመረመሩት የኬጅ ዶሮዎች መካከል 74 በመቶው በዚህ ሕመም የሞቱ ሲሆን፣ በአዳራሽ ወይም በመስክ ከተለቀቁት ውስጥ ግን ከ5 በመቶ አልበለጡም።

ስዊዘርላንድ ምን አደረገች?

በታኅሣሥ 1978 የስዊዘርላንድ ሕዝብ በአገር አቀፍ ድምፅ የእንስሳት ጥበቃ ሕግን ከ80 በመቶ በላይ በሆነ ድጋፍ አጸደቀ። ሕጉ በ1981 ሥራ ላይ ሲውል ዶሮ አርቢዎች ኬጅን እንዲተዉ የአሥር ዓመት ጊዜ ሰጣቸው። ከ1992 መግቢያ ጀምሮ በአገሪቱ እንቁላል ጣይ ዶሮ በጠባብ ኬጅ ውስጥ አትረባም። የአውሮፓ ኅብረት ተመሳሳይ ክልከላ ሙሉ በሙሉ ተግባራዊ ያደረገው ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ2012 ነው።

የሕጉ ዓላማ ጉበት አልነበረም፤ ዶሮዋ እንደ ተፈጥሮዋ እንድትጭር፣ ቆጥ ላይ እንድታድርና በተከለለ ቦታ እንድትጥል ነበር። ሆኖም ከጉበት ስብ መንስኤዎች አንዱን፣ ያለ እንቅስቃሴ መኖርን፣ አብሮ ነክቷል። አንድ እርባታ ሊይዝ የሚችለው የእንቁላል ጣይ ዶሮ ብዛትም በ18,000 ተገድቧል።

ከኬጅ መውጣት ግን ለሁሉም ችግር መድኃኒት አልሆነም። በአዳራሽ የሚኖሩ ዶሮዎች እርስ በርስ መነካከስና የደረት አጥንት ስብራት ያጋጥማቸዋል። ስብራቱ በስዊዘርላንድ ተመራማሪዎችም በስፋት የተጠና ጉዳይ ነው። ብዙ እንቁላል መጣል ከአጥንት ካልሲየም፣ ከጉበት ስብ ይጠይቃል፤ መኖሪያ ሲቀየር ጥያቄው ይቀላል እንጂ አይጠፋም።

ለአርቢውና ለሸማቹ

በቢሾፍቱ፣ በአዲስ አበባና በሌሎች የኢትዮጵያ ከተሞች የንግድ ዶሮ እርባታ እየተስፋፋ ነው። በርካታ አርቢዎች ቦታ ለመቆጠብ ኬጅ ይመርጣሉ፤ የውጭ ዝርያዎችን ያረባሉ፤ መኖውንም ከበቆሎ፣ ከስንዴ ፍሩሽካ፣ ከአኩሪ አተርና ከኑግ ፋጉሎ ያዘጋጃሉ። የጉበት ስብ በሽታ የሚያገኛቸው ሁኔታዎች እነዚህ ናቸው።

የዶሮዋን ኢስትሮጅን መቀነስ አይቻልም፤ ቢቀነስ እንቁላሉም ይቀራል። በአርቢው እጅ ያለው ሌላው ነው። ዶሮዎችን በየጊዜው መመዘንና ከዝርያቸው የክብደት ልክ ሲያልፉ የመኖውን ጉልበት መቀነስ፣ የኮሊንና የሜታዮኒን መጠን የተሟላ መሆኑን ከመኖ አቅራቢው ማረጋገጥ፣ በሙቀት ወራት አየርና ቀዝቃዛ ውኃ ማቅረብ፣ የሚቻል ከሆነም መንቀሳቀሻ ቦታ መስጠት ይጠቅማል።

ቢጫ ጉበት ሁሉ ከሆርሞን አይመጣም። በእርጥበት የሻገተ በቆሎና ፋጉሎ ውስጥ የሚገኘው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝም የዶሮን ጉበት ያገረጣል፣ በስብም ይሞላል። ስለዚህ ሞት ሲደጋገም የሞተችውን ዶሮ በእንስሳት ሐኪም ማስመርመር ከግምት ይሻላል። መኖው ከሻገተ ክብደት መቀነስ ብቻውን አያድንም።

ለሸማቹ ደግሞ ሁለት ነገሮችን መለየት ይበቃል። የምትጥል ዶሮ ጉበት ከሥጋ ዶሮ ጉበት ይልቅ ወደ ቢጫ ቢያደላ የሆርሞን መርፌ ምልክት አይደለም፤ አስኳል ስትሠራ የነበረ ጉበት መልኩ እንዲያ ነው። ያበጠ፣ የሚፈራርስና ደም የቋጠረ ጉበት ግን የታመመ ጉበት ነው። ሕመሙ ወደ ሰው ባይተላለፍም እንዲህ ያለው ጉበት መጣል አለበት፤ በራሷ የሞተች ዶሮም ለምግብ አትሆንም።

የዶሮዋ ጉበት የሰውን ጉበት ለሚያጠኑም ትምህርት አለው። በሴቶች ኢስትሮጅን ጉበትን ከስብ ክምችት የመከላከል ጠባይ ስላለው፣ የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ የጉበት ስብ በሽታ ይጨምራል። አንዱ ሆርሞን በሴት የሚከላከለውን በዶሮ ያስከትላል። ልዩነቱ ያለው በተሰጠው ሥራ ላይ ነው፤ ዶሮዋ በየቀኑ ማለት ይቻላል ለአንድ ጫጩት የሚበቃ ስንቅ ታዘጋጃለች፣ ስንቁን የሚያቀርበውም ጉበቷ ነው።